በፀረ ተባይ ኬሚካል መያዣ ላይ የሚነበቡ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ደስ የማይል፣ ጎጂ፣ መርዛማ እና ገዳይ በምን ይለያያሉ?

አንድ አርሶ አደር ከገበያ የገዛውን ፀረ አረም ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ተማሪ ልጁን "በላዩ የተጻፈው ምን ይላል?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጁ "አደገኛ ነው ይላል" ብሎ ሊመልስለት ይችላል። መልሱ ስህተት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። እንግሊዝኛ መጥፎ ነገርን የሚገልጽባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን አብዛኞቹን "መጥፎ"፣ "ጎጂ" ወይም "አደገኛ" ብለን ጠቅልለን እናልፋቸዋለን። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ብዙም አያስቸግርም። በኬሚካል መያዣ ላይ ግን እያንዳንዱ ቃል በልኬት የተወሰነ የየራሱ ክብደት አለው።

ደስ የማይል እና ጎጂ

"አንፕሌዘንት" የሚለው ቃል ለአፍንጫ፣ ለምላስ ወይም ለዓይን ደስ የማይል ነገርን ይገልጻል። "ሃርምፉል" ደግሞ ስሜትን ሳይሆን ጤናን የሚጎዳውን ያመለክታል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም። እህልን ከነቀዝ ለመከላከል የሚያገለግለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ንጹሕ ፎስፊን ሽታ የለውም። ብዙዎች የሚያውቁት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የሚመስለው ሽታ የሚመጣው ከጋዙ ጋር ከሚወጡ ሌሎች ነገሮች ነው። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ይህ ጋዝ በእንግሊዝኛው ምደባ የተሰጠው ቃል "ሲተነፈስ ገዳይ" የሚል ነው። ክኒን የተደረገበት እህል ባለበት ክፍል ውስጥ መተኛት የማይገባውም ለዚህ ነው።

ጎጂ፣ መርዛማ፣ ገዳይ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው ዓለም አቀፍ የኬሚካሎች ምደባ ሥርዓት ሦስት ቃላትን በደረጃ ያስቀምጣል። መለኪያው ለሙከራ ከቀረቡ እንስሳት ግማሾቹን የሚገድለው መጠን ሲሆን፣ የሚሰላውም በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ነው። በአፍ ለሚገባ ኬሚካል መጠኑ እስከ 50 ሚሊ ግራም ከሆነ "ፌታል" ወይም ገዳይ ይባላል። ከ50 በላይ እስከ 300 ሚሊ ግራም ከሆነ "ቶክሲክ" ወይም መርዛማ፣ ከ300 በላይ እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ከሆነ ደግሞ "ሃርምፉል" ወይም ጎጂ ይባላል። የሚገድለው መጠን ባነሰ ቁጥር ቃሉ ይከብዳል።

ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕሉ ይረዳዋል። ገዳይ እና መርዛማ የተባሉት የራስ ቅልና የተመሳቀሉ አጥንቶች ሥዕል ሲኖራቸው፣ ጎጂ የተባለው የቃለ አጋኖ ምልክት ይደረግበታል።

ሁለቱ የማስጠንቀቂያ ቃላት

በዚሁ ሥርዓት በጉልህ የሚጻፉት የማስጠንቀቂያ ቃላት ሁለት ብቻ ናቸው። "ዴንጀር" ከባዱን አደጋ፣ "ዋርኒንግ" ደግሞ ከእርሱ የሚያንሰውን ያመለክታል። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የመጀመሪያው 6፣ ሁለተኛው 7 ፊደላት አሉት። በአሜሪካ የፀረ ተባይ መያዣዎች ላይ "ኮሽን" የሚል ሦስተኛ ቃል ይገኛል፤ እርሱም ከሁለቱ ዝቅ ያለ ነው።

የሚያሳክክ እና የሚያቃጥል

"ኢሪታንት" ቆዳን የሚያቀላና የሚያሳክክ፣ ነገር ግን ሊድን የሚችል ጉዳት የሚያደርስ ነው። "ኮሮሲቭ" ግን ሥጋን የሚበላና ጠባሳ ወይም ዘላቂ ጉዳት የሚተው ነው። በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ለማጥፋት የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቢዋጥ "ጎጂ" ብቻ ተብሎ ሲመደብ፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ግን "ከባድ የዓይን ጉዳት" እንደሚያደርስ ተመዝግቧል። አንዱን ቃል ብቻ አንብቦ ያለ መነጽር የሚረጭ ሰው ዓይኑን ለአደጋ ያጋልጣል።

ቀለሙም ይናገራል

በብዙ የፀረ ተባይ መያዣዎች ግርጌ ባለ ቀለም መስመር ይታያል። ቀይ ከሁሉም የከፋውን መርዝ ያመለክታል፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ እና አረንጓዴ በቅደም ተከተል እየቀነሱ ይሄዳሉ። አረንጓዴ ማለት ግን የሚጠጣ ማለት አይደለም።

ከላይ የተዘረዘሩት የመርዛማነት ደረጃዎች የሚናገሩት በአንድ ጊዜ ወይም በአጭር ጊዜ ስለሚደርስ ጉዳት ነው። ለዓመታት ተጠራቅሞ የሚመጣው ጉዳት ሌላ ምልክት አለው፤ እርሱም ደረቱ ላይ ኮከብ የሚመስል ቅርጽ ያለበት የሰው ሥዕል ነው።

በእኛ ዘንድ ኬሚካሉን "መድኃኒት" ብለን መጥራታችን በራሱ ሊያዘናጋን ይችላል። ስለዚህ ኬሚካልን ወደ ውኃ ወይም ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መገልበጥ አይገባም፤ ሲገለበጥ ቃሉም፣ ሥዕሉም፣ ቀለሙም አብረው ይጠፋሉና። ያልገባ ቃል ሲያጋጥም ከመርጨት በፊት የግብርና ባለሙያን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰው በኬሚካል ከተጎዳም ወደ ጤና ተቋም ሲወሰድ መያዣውን ወይም በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አብሮ መውሰድ ይገባል። ሐኪሙ የኬሚካሉን ስም ከዚያ ላይ አንብቦ ተገቢውን ሕክምና ያለ መዘግየት ለመጀመር ይረዳዋል።