ደብረ ምጥማቅ፦ ከግብፅ ተጉለት የገባ ስም

እዚህ አማን ቡና ተፈልቶ ወሬ ስለ ሸዋ ጥንታዊ አድባራት በዞረ ቁጥር አንድ አዋቂ አይጠፋም። «የተጉለቱ ደብረ ምጥማቅ ስሙን ያገኘው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የማረካቸውን ሙስሊሞች በግድ ያስጠመቀበት ስለሆነ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጠበል ስለፈለቀበት ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ለጠበሉ መልሱ አጭር ነው፦ በዚህ ሚዛን ግማሹ ሸዋ ምጥማቅ በተባለ ነበር። የምርኮኛው ተረት ግን ሰው ከሰው የሚያቃቅር ስለሆነ ዝም ብሎ አይታለፍም።

የንጉሡ ዜና መዋዕል ነገሩን በግልጽ ይተርከዋል። ዘርዓ ያዕቆብ ተጉለት ሳለ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአባ ዮሐንስ መልእክተኞች መጡ፤ በግብፅ ያለው የእመቤታችን ደብረ ምጥማቅ መፍረሱንም አረዱት። ንጉሡ ከሠራዊቱ ጋር አለቀሰ። ከዚያም እዚያው ተጉለት ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ የፈረሰውን ደብር ስም ሰጠው።

የፈረሰው ደብር ዓባይ ባሕር ከሚገባበት አካባቢ የነበረ ሲሆን ዐረቦች «መግጣስ» ይሉታል። መፍረሱን የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚም እ.ኤ.አ. በ1438 መዝግቦታል። ሙስሊም ጸሐፊና ክርስቲያን ጸሐፊ፣ በማይተዋወቁበት አገር ሆነው፣ በአንድ ነገር ከተስማሙ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? እኛም በየዓመቱ ግንቦት 21 የምናከብረው እመቤታችን በዚያ በግብፁ ደብር የተገለጠችበትን ቀን ነው።

ዘመኑን መቁጠርም ተረቱን ያፈርሰዋል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1443 ለግብፁ ሱልጣን ለጃቅማቅ ደብዳቤ ልኮ ስለ ደብሩ መፍረስ አማርሯል። በግዛቱ ያሉ ሙስሊሞች በሰላም እንደሚኖሩ አስታውሶ፣ የዓባይም ውኃ ከእጁ እንደሚወጣ ጠቆም አደረገ። ሱልጣኑ ስጦታ ላከ፤ ደብሩን መልሶ ለማሠራት ግን እንቢ አለ። ዘርዓ ያዕቆብ ከአዳሉ ሱልጣን ከበድላይ ጋር በደዋሮ ጎሚት የተዋጋው ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1445፣ ታኅሣሥ 29 በገና ዕለት ነው። በድላይም በዚያው ወደቀ። እንግዲህ መርዶው ከጦርነቱ ይቀድማል፤ ምርኮኛው ከየት መጥቶ ነው ስም ያወጣው?

ዘርዓ ያዕቆብ የዋህ ነበር አልልም፤ በገዛ ካህናቱና በቤተሰቡ ላይ ሳይቀር ክንዱ የበረታ ንጉሥ ነበር። ሆኖም ከሚስቶቹ አንዷ፣ ኋላ የገነነችው እቴጌ እሌኒ፣ የሐድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ናት። የዘመኑ ሰዎች በጎራዴም፣ በደብዳቤም፣ በጋብቻም ይገናኙ ነበር።

እንግዶችን የምታስጎበኙ፣ ልጆችን የምታስተምሩ ሁሉ፣ የምርኮኛውን ተረት ተዉት። ደብረ ምጥማቅ በግብፅ ለፈረሰ ደብር መታሰቢያ የቆመ ስም ነው።