ሰማዩ የታረሰበት ደብረ ዘይት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት አባቶቻችን፣ ንጉሡ ከዙፋናቸው ሳይወርዱ ሰማዩ በደብረ ዘይት በኩል መታረስ እንደጀመረ ቢነገራቸው ምን ይሉ ይሆን?

ነገሩን ያስነሳብኝ የእህቴ ልጅ ነው። በጥቅምት፣ ጥርት ባለ ምሽት ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ «ጋሼ፣ ያቺ ኮከብ ትሄዳለች!» አለኝ። ስልኩን ጎርጎር አደረገና «ሀብል ነው» ብሎ ደመደመ። ስሙ ከእናቶቻችን የአንገት ሐብል ጋር ቢገጥምም፣ ይህኛው በአሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ በኤድዊን ሀብል የተሰየመው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የመጠቀው ቴሌስኮፕ ነው።

ሀብል የራሱ መብራት የለውም። እኛ ዘንድ ሲጨልም እሱ ገና ፀሐይ ይመታዋል፤ የምናየው ያንን ነጸብራቅ ነው። ወደ ምድር ጥላ ሲገባ ድርግም ይላል። ምድርን በ95 ደቂቃ ገደማ ይዞራል፤ መንገዱ ግን ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም ከ28.5 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ የለንደን ሰው አያየውም ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ሰው ግን አንገቱን ቀና ካደረገ አናቱ ላይ ያገኘዋል። ድህነት ያልነፈገን ነገርም አለ ማለት ነው።

ፎቶ ማንሳቱስ? ካሜራን በእግሩ አቁሞ ለጥቂት ሰከንዶች ክፍት ቢተውት ሀብል ቀጭን የብርሃን መስመር ሆኖ ይወጣል። ቅርጹን ማንሳት ግን ሌላ ጣጣ ነው። የ13.2 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ከምድር ሲታይ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚያክለውን ያህል ነው፤ ያውም እየከነፈ! ፈረንሳዊው ቲየሪ ለጎ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 ሀብልና ሊጠግነው የሄደው አትላንቲስ መንኮራኩር በፀሐይ ፊት ሲያልፉ ከፍሎሪዳ አነሳቸው። ያለፉት በ0.8 ሰከንድ ነበር።

ይህ የማየት ጥበብ የተጀመረው ግን ከሀብል በፊት ነው። የስሚዝሶኒያን የሥነ ፈለክ ተቋምን ይመራ የነበረው ፍሬድ ዊፕል፣ ስፑትኒክ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመምጠቋ በፊት አስቦበት፣ ሳተላይት የሚጠባበቁ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀ። ቤከር ነን የተባሉ ግዙፍ ካሜራዎችንም በየአህጉሩ አስተከለ። ዓላማው ሳተላይቶቹ በከዋክብት መካከል ያሉበትን ቦታ በትክክል መዝግቦ፣ ከአካሄዳቸው የምድርን ቅርጽና የላይኛውን አየር ጥግግት ማስላት ነበር። ከእነዚህ ካሜራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ከኢራን ከሺራዝ ተነሥቶ ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ተተከለ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 ደግሞ ሁለተኛው የምሕዋር የሥነ ፈለክ ጣቢያ መጠቀ፤ ከመጀመሪያዎቹ የተሳካላቸው የጠፈር ቴሌስኮፖች አንዱ ነው። በውስጡ ሴለስኮፕ የተባለ መሣሪያ ነበረ። የማን? የዚያው የዊፕል ተቋም! ደብረ ዘይት ላይ ሆኖ ወደ ሰማይ ያይ የነበረውና ሰማይ ላይ ወጥቶ ከዋክብትን የተመለከተው ዓይን ባለቤታቸው አንድ ነበር።

እኔ ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ሰማይ አይታረስ» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ተንትኛለሁ! ይህንን ታሪክ ግን ለተማሪ ነግሬ አላውቅም፤ አላውቀውም ነበርና። ከእንጦጦ ጋራ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ ነው። እነሱን ስንመርቅ ከዜሮ የጀመርን ይመስለናል። ካሜራው ሌሎች ሠርተው ያመጡት ነው ቢባልም፣ ያየው ሰማይ የኛው ነበር።

የእህቴ ልጅ «ሀብል እስከ መቼ ይኖራል?» ሲል ጠየቀኝ። አየሩ እየጎተተው ከዓመት ዓመት ዝቅ ይላል፤ አንድ ቀን ወርዶ ይቃጠላል። ያን ቀን ዓለም ሁሉ ያወራለታል። በዚያ ዘመን በደብረ ዘይቱ ካሜራ አካባቢ የነበሩ ሰዎችም ዛሬ አርጅተዋል። ልጁን «ቢሾፍቱ ዘመድ የለህም እንዴ? ሂድና ጠይቅ» አልኩት።