ስም አውጪው ማነው?

“ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይባላል። እኔ ግን ስለ አማዞኗ ግዙፍ የውኃ አበባ ካነበብኩ ወዲህ መጠራጠር ጀምሬያለሁ። (እምቦጭ እንዳትመስላችሁ፤ አገራቸው አንድ ቢሆንም ዝምድና የላቸውም።) ቅጠሏ ጠርዙ ቀና ያለ ትልቅ ትሪ ይመስላል፤ ከሁለት ሜትር በላይ ይሰፋል። አበባዋ በመጀመሪያው ምሽት ነጭ ናት፤ በማግስቱ ምሽት ሮዝ ሆና ትገኛለች።

እ.ኤ.አ. በጥር 1837 ሮበርት ሾምቡርክ የተባለ አሳሽ በእንግሊዝ ጉያና፣ በርቢስ ወንዝ ላይ አገኛት። “አገኛት” ስል የወንዙ ዳር ሰው ጠፍታበት ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ቪክቶሪያ ነገሠች፤ ያቺው አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ ጽፈው መልስ ያጡባት ንግሥት። የእጽዋት ሊቁ ጆን ሊንድሊ ታዲያ አበባዋን “ቪክቶሪያ ሬጂያ” አላት፤ ንግሥታዊት ቪክቶሪያ መሆኑ ነው። ኋላ ሲጣራ ጀርመናዊው ፖፒግ በ1832 “አማዞኒካ” ብሎ መዝግቧት ኖሯል። በሙያው ሕግ ቀድሞ የታተመ ስም ይጸናልና “ቪክቶሪያ አማዞኒካ” ሆነች። ዘውዱ ወደቀ፤ ንግሥቲቱ ግን ቀረች!

በ1849 አትክልተኛው ጆሴፍ ፓክስተን ቻትስዎርዝ በተባለው የመኳንንት ግቢ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ እንድታብብ አደረጋት። ትንሽ ልጁን ቅጠሏ ላይ ቢያቆማት ቅጠሉ ቻላት። ከቅጠሏ ሥር ያለው የጅማት መረብ ለግንባታ ሐሳብ ሰጠው፤ በ1851 የለንደኑ የመስታወት አዳራሽ፣ ክሪስታል ፓላስ፣ በእሱ ንድፍ ቆመ።

የሚገርመው ሌላው ነው። የእንግሊዙ የኪው እጽዋት ማኅደር ከቦሊቪያ የመጣች ደረቅ ናሙና ነበረችው። 177 ዓመት በሌላ ስም ተቀመጠች። ካርሎስ ማግዳሌና የተባለ የኪው ባለሙያ ፎቶግራፍ አይቶ ተጠራጠረ፤ በ2016 የቦሊቪያ የአትክልት ቦታዎች ዘር ላኩለት፤ ዘሩ ሲበቅል ልዩነቱ ተገለጠ። በ2022 “ቪክቶሪያ ቦሊቪያና” ተባለች። ቅጠሏ ሦስት ሜትር ያልፋል። የዚህን ያህል ትልቅ ነገር እንኳ ስሙን ካላወቁለት አይታይም።

አስተማሪ ሳለሁ አንድ ከደቡብ የመጣ ተማሪ ነበረኝ። ስሙ ለአፌ ስላልተመቸኝ ሙሉ ሴሚስተር አሳጥሬ ጠራሁት። ዝም ብሎ “አቤት” ይል ነበር። ዛሬ ባገኘው ሙሉ ስሙን ደጋግሜ ተለማምጃለሁ።