ሙቀትን የማንበብ ጥበብ፦ ከዶክተር ብሩክ ላቀው መሣሪያዎች እስከ ገፈርሳ ውርጭ

ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ብሩክ ላቀው በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም፣ በናሳ ሥር ባለው የጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል ያገለገሉ የፕላኔት ሳይንስ ተመራማሪ ናቸው። ስማቸው በዋናነት የሚነሣው ከሩቅ ዓለማት የሚመጣን እጅግ ደካማ ሙቀት ለክተው የዚያን ዓለም አየር ምንነት ከሚያሳውቁ መሣሪያዎች ጋር ነው። ሥራቸው ከሰማይ ርቀት የተነሣ ከእኛ ኑሮ የተለየ ይመስላል። ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች የሚመረኮዙበት የተፈጥሮ ሕግ በገፈርሳ፣ በሰበታና በሱሉልታ ማሳዎች ላይ ውርጭ የሚጥለው ሕግ ነው።

የማይታየው ብርሃን

ምጣድ በእሳት ላይ ሲሰነብት ገና ሳይቀላ እንኳ መዳፋችንን ስናቀርብ ሙቀቱ ይሰማናል። ወደ መዳፋችን የሚደርሰው ዓይን የማያየው ብርሃን ሲሆን፣ በሳይንስ ኢንፍራሬድ ይባላል። አፈር፣ ድንጋይ፣ እንስሳ፣ ደመና፣ በበረዶ የተሸፈነ ጨረቃም ቢሆን እንደ ሙቀቱ መጠን ይህን ጨረር ይለቃል። ጨረሩ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ብዙ ጋዞች የየራሳቸውን የጨረር ዓይነት ይውጣሉ፤ ወይም መልሰው ይለቃሉ። ስለዚህ ጨረሩን በየዓይነቱ ከፍሎ የሚለካ መሣሪያ አየሩ ከምን ከምን እንደተሠራና ምን ያህል እንደሚሞቅ መናገር ይችላል። መሣሪያው ስፔክትሮሜትር ይባላል።

ወደ ሳተርን የተላከው መሣሪያ

ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ከምድር የተነሣችው ጥቅምት 5 ቀን 1990 ዓ.ም ነበር። ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰኔ 24 ቀን 1996 ዓ.ም ሳተርን ደረሰች። ከተሸከመቻቸው መሣሪያዎች አንዱ በጎዳርድ ማዕከል መሪነት የተሠራው፣ በምሕጻረ ቃሉ ሲአይአርኤስ የሚባለው የኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ነው። ዶክተር ብሩክ በዚህ መሣሪያ ሥራ ከተሳተፉት ተመራማሪዎች አንዱ ናቸው። ከባልደረባቸው ከጆን ብራሱናስ ጋር መሣሪያው ወደ ሳተርን በሚጓዝባቸው ዓመታት የልኬት ብቃቱ ሳይዛባ መቆየቱን መርምረዋል። ከምድር ከወጣ በኋላ ማንም ሊጠግነው ለማይችል መሣሪያ ይህ ምርመራ ወሳኝ ነው፤ መለኪያው ከተዛባ ከሳተርን የሚላከው ቁጥር ሁሉ አይታመንም።

የሲአይአርኤስ ልኬቶች ብዙ አሳውቀዋል። የሳተርን ትልቋ ጨረቃ ቲታን ናይትሮጅን የሚበዛበት፣ ሚቴን የተቀላቀለበት ወፍራም አየር አላት፤ የገጽታዋ ሙቀትም ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መሆኑን መሣሪያው ለክቷል። በ1997 ዓ.ም ደግሞ ኢንሴላደስ በተባለችው ትንሽ በረዷማ ጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ ላይ፣ በስንጥቆቹ አካባቢ፣ ከተጠበቀው በላይ ሙቀት አገኘ። በ2006 ዓ.ም በዚሁ መሣሪያ ልኬት ቲታን ላይ ፕሮፒሊን የተባለው ጋዝ መኖሩ ይፋ ሆነ። ካሲኒ መስከረም 5 ቀን 2010 ዓ.ም ወደ ሳተርን አየር ገብታ ተልእኮዋን ጨረሰች።

ከፀጉር የቀጠነ መለኪያ

የዶክተር ብሩክ ሌላው የምርምር ዘርፍ ቦሎሜትር የሚባለው የሙቀት መለኪያ ነው። ቦሎሜትር ጨረር ሲያርፍበት በጥቂቱ ይሞቃል፤ ሲሞቅም ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ይለወጣል። ለውጡ በጎላ ቁጥር መለኪያው ደካማውን ሙቀት ይለያል።

አንዳንድ ቁሶች እጅግ ሲቀዘቅዙ ለኤሌክትሪክ ያላቸው ተቃውሞ ፈጽሞ ይጠፋል። ከዚህ ሁኔታ በሚወጡበት ጠባብ የሙቀት ወሰን ላይ ደግሞ በጣም ትንሽ መሞቅ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ዶክተር ብሩክና ባልደረቦቻቸው ይህን ጠባይ በመጠቀም፣ 7 ማይክሮን ብቻ ውፍረት ባለው የሰንፔር ንጣፍ ላይ ቦሎሜትር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። ይህ ውፍረት ከሰው ፀጉር አሥር እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። ንጣፉ የቀጠነው በጥቂት ጨረር ቶሎ እንዲሞቅ ነው። ቀጥሎም ማግኒዚየም ዳይቦራይድ በተባለ ቁስ ላይ ተመሳሳይ ምርምር አካሂደዋል።

በአዲስ አበባ ሰማይ ሥር

ወደ ሳተርን የተላከው የመሣሪያ ዓይነት በአገራችንም ተተክሏል። በ2001 ዓ.ም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመኑ የካርልስሩኸ ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር የፀሐይን ኢንፍራሬድ ጨረር የሚለካ ስፔክትሮሜትር በአዲስ አበባ ተክሏል። ከሥራው ጋር ስማቸው የሚነሣው ኢትዮጵያዊው የከባቢ አየር ፊዚክስ ተመራማሪ ግዛው መንግሥቱ ናቸው። መሣሪያው ከባሕር ወለል በላይ 2,443 ሜትር ላይ ሆኖ የኦዞንን፣ የውኃ ተንንና የሌሎች ጋዞችን መጠን ለክቷል። በምድር ወገብ አቅራቢያ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ጥቂት በመሆናቸው የአዲስ አበባው ልኬት ከሳተላይት የሚገኘውን መረጃ ለማመሳከር አገልግሏል።

ለገበሬው ቅርብ የሆነው የውኃ ተን ጉዳይ ነው። በተኑ ውስጥ ከባድ ሃይድሮጅን ያለበት ውኃና ተራው ውኃ ያላቸውን ምጥጥን በመለካት፣ እርጥበቱ ከየት እንደመጣና በመንገዱ ምን ያህል ዝናብ እንደጣለ ፍንጭ ማግኘት ይቻላል። የክረምት ዝናብ ምንጭን ለሚያጠኑ ባለሙያዎች ይህ ጠቃሚ መረጃ ነው።

ጥርት ያለ ሌሊትና ውርጭ

ከመስከረም በኋላ ሰማዩ ሲጠራ የደጋ ገበሬ የሚሰጋው ውርጭን ነው። ቀን በፀሐይ የሞቀ መሬት ሌሊት ሙቀቱን በኢንፍራሬድ ጨረር መልክ ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመናና የውኃ ተን ካሉ ከጨረሩ ከፊሉን ውጠው ወደ መሬት ይመልሱታል፤ እንደ ጋቢም ያገለግላሉ። ሰማዩ ጥርት፣ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱም ጸጥ ካለ ግን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ያመልጣል። የቀዘቀዘው አየር ከሞቀው ስለሚከብድ ወደ ረባዳው ቦታ ወርዶ ይተኛል። በተዳፋቱ ላይ ያለው ባቄላ ሲተርፍ በሥሩ ያለው የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። እርጥብ አፈር ከደረቀው ይልቅ ብዙ ሙቀት ስለሚይዝ፣ ውኃ ያለው ገበሬ ውርጭ በሚያሰጋበት ቀን ማሳውን አስቀድሞ ማጠጣቱ ጉዳቱን ሊያቀልለት ይችላል።

መሣሪያ የሚሠራ እጅ

ከሱሉልታ በስተደቡብ ባለው የእንጦጦ ተራራ ላይ የጠፈር ምልከታ ማዕከል ይገኛል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የመጠቀችውና 72 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት መረጃ መቀበያም የተተከለው እዚያው ነው። ሳተላይቷ የተሠራችው በቻይና ድጋፍ ሲሆን ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም ተሳትፈዋል።

የዶክተር ብሩክ ላቀው የሥራ ታሪክ የሚያመለክተው ቀጣዩን ደረጃ ነው። የሌላውን መሣሪያ መጠቀም አንድ እውቀት ነው፤ መሣሪያውን መሥራት፣ መለካቱን ማረጋገጥና ሲዛባ ማወቅ ግን ሌላ እውቀት ነው። ሁለተኛው የሚጀምረው በየትምህርት ቤቱ ባለ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ በትክክል በተነበበ ቴርሞሜትርና ሳይቋረጥ በተመዘገበ የዝናብ መለኪያ ነው። የገፈርሳ ተማሪ የማለዳውን ቅዝቃዜ በየቀኑ ቢመዘግብ፣ ለአካባቢው ገበሬ ውርጭ የሚያሰጋበትን ጊዜ ለመገመት የሚረዳ መዝገብ ያበረክታል፤ የልኬትንም ሙያ ከሥሩ ይማራል።