ስለ «ዛኒ» አማርኛ ፍቺ

በኢጣልያ የጭንብል ቧልት ተውኔት፣ በኮሜዲያ ዴላርቴ፣ አሽከሮቹ በጠቅላላው «ዛኒ» ይባላሉ። ቃሉ «ጆቫኒ» የሚለው ስም በቬኒስ አካባቢ አነጋገር ሲጠራ የተገኘ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ከቤርጋሞ ተራሮች ወርደው በቬኒስ በተሸካሚነትና በሎሌነት ያደሩ ገበሬዎች መሳለቂያ ሆኖ ወደ መድረክ ወጣ። ብልጡ ብሪጌላም ሆነ ሁልጊዜ የሚርበው አርሌኪኖ ቤርጋሞዎች ናቸው።

የአንድ አገር ሰው መጠሪያ የአሽከር መጠሪያ የሚሆንበትን መንገድ እኛም እናውቀዋለን። በ1887 ዓ.ም. ወላይታ በአፄ ምኒልክ ጦር ተወግቶ ንጉሡ ጦና ከተማረኩ በኋላ ብዙ ሕዝብ በምርኮ ተነዳ። «ወላሞ» የተባለው የባዕድ መጠሪያም በጌቶች አፍ የባርነት ትርጉም አዘለ፤ ሆኖም ሶዶ እስከ 1966ቱ አብዮት የ«ወላሞ አውራጃ» ከተማ ተብላ ትጻፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት «ወላይታ» ጸና።

ስለዚህ ተርጓሚ ሳቅ ፍለጋ ዛኒን በወላይታ ሰው አነጋገር ቢያናግረው አንቀበልም። «ባሪያ»ም አይስማማም፤ ዛኒ ደመወዝተኛ ነውና። (ከኢጣልያንኛ የመጣው «ሊስትሮ» ለሥራው ጠባይ ይቀርባል፤ ግን ጫማ ጠራጊን ብቻ ያመለክታል።) እኛ «ሎሌ»ን መርጠናል። ለኮሎምቢና «ገረድ» ይበቃል፤ እርሷ አብዛኛውን ጊዜ ጭንብል አታጠልቅም።