የነዳጅ ማከማቻ አቅም በኢትዮጵያ

የነዳጅ ማከማቻ አቅም ማለት በአንድ አገር፣ ከተማ ወይም ተርሚናል ባሉ ታንከሮች ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለው የነዳጅ መጠን ነው። ታንከሮቹ፣ ነዳጅ መቀበያና መጫኛ ቧንቧዎቹ፣ ፓምፖቹና የእሳት መከላከያው በአንድ ግቢ የሚገኙበት ቦታ በተለምዶ ዴፖ ይባላል። ኢትዮጵያ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝና የአውሮፕላን ነዳጅ ተጣርተው የምታስገባ፣ የራሷ ወደብም የሌላት አገር ስለሆነች የዴፖ ጉዳይ ከባሕር ዳር አገሮች ይልቅ ይከብዳታል። ወደብ ላይ ወይም መንገድ ላይ የሚፈጠር የጥቂት ቀናት መስተጓጎል በማደያዎች ደጅ ሰልፍ ሆኖ ይታያል። ሰልፉ ስንት ቀን ዘግይቶ እንደሚመጣ የሚወስነው ደግሞ በዴፖዎቹ ውስጥ ያለው ነዳጅ ነው።

አቅምና ክምችት

ሁለቱ ቃላት በዜናም ሆነ በንግግር ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ። አቅም ታንከሩ የሚይዘው ነው፤ ክምችት ግን ዛሬ በታንከሩ ውስጥ ያለው ነው። አንድ ዴፖ 50 ሚሊዮን ሊትር የመያዝ አቅም ኖሮት 5 ሚሊዮን ሊትር ብቻ ሊኖረው ይችላል።

የተጻፈው አቅም ሁሉም ጥቅም ላይ አይውልም። ከታንከሩ ሥር ፓምፑ የማይደርስበት፣ ውኃና ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ክፍል አለ። ከላይም ነዳጁ በሙቀት ሲሰፋ እንዳይፈስ ባዶ ቦታ ይተዋል። በተጨማሪም ቤንዚን የሚቀመጥበት ታንከር ሳይጸዳ ለአውሮፕላን ነዳጅ አይውልም። ስለዚህ በጠቅላላው በቂ ነዳጅ አለ በሚባልበት ቀን ናፍጣው ብቻ ሊያልቅ ይችላል። አገራዊ አቅም በአንድ ቁጥር ሲገለጽ፣ ከእያንዳንዱ የነዳጅ ዓይነት ስንት ሊትር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከአሰብ ወደ ጅቡቲ

በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ከጀመረ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የአገሪቱ ዋነኛ የነዳጅ ምንጭ ነበር። ማጣሪያ ማለት በራሱ ትልቅ ማከማቻ ነው፤ ያልተጣራውም የተጣራውም ዘይት በግቢው ታንከሮች ይቀመጣል። ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ኢትዮጵያ በፋብሪካው መጠቀሟን ቀጥላ ነበር። ማጣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር ወደቡም ለኢትዮጵያ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የገቢ ዕቃው፣ ነዳጁን ጨምሮ፣ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

በጅቡቲ ነዳጁ የሚራገፈው በዶራሌ በሚገኘው የሆራይዘን ተርሚናል ነው። ተርሚናሉን የገነባው የዱባይ መንግሥት ንብረት የሆነው የኢሚሬትስ ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያ ክንፍ ነው። ከዚያ ቦቴዎች በጋላፊና ሚሌ በኩል፣ ወይም በደወሌና ድሬዳዋ በኩል ወደ መሐል አገር ይጓዛሉ። በአንድ ወቅት ከቤንዚን ፍጆታው የተወሰነው ከሱዳን በመተማ በኩል ይገባ ነበር፤ ይህ ለሰሜን ምዕራቡ ክፍል መንገዱን በእጅጉ ያሳጥርለት ነበር።

ግዢውን የሚፈጽመው መንግሥታዊው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ድርጅቱ በአሁኑ መልኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ ነዳጅ ያስገባ የነበረው የቀድሞው ድርጅትና የመጠባበቂያ ዴፖዎችን ያስተዳድር የነበረው ተቋም ተዋሕደውበታል። የሚሸጠውንና ለክፉ ቀን የሚቀመጠውን ነዳጅ በአንድ እጅ ማድረግ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን የዕለት ገበያው ሲጠብ መጠባበቂያው መነካቱ አይቀርም፤ ሁለቱን ለይቶ የሚያስቀምጥ ጥብቅ ደንብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከድርጅቱ ቀጥሎ ነዳጁን ወደ ማደያዎች የሚያደርሱት እንደ ኖክ፣ ቶታል፣ ኦላ ኢነርጂ (የቀድሞው ኦይል ሊቢያ) እና የተባበሩት ያሉ አከፋፋይ ኩባንያዎች ናቸው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ

አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች የዋና ዋና መንገዶች በሮች ናቸው። ዱከም ከመዲናዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአዳማ መስመር ላይ ትገኛለች። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦና ነቀምቴ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው።

ከእነዚህ መካከል ሱሉልታ በነዳጅ ዴፖነቷ ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ እየተደባለቀ መሸጥ ሲጀምር፣ ማደባለቂያው የተተከለው በሱሉልታ ነበር። ኤታኖሉ ከወለጋ፣ ቤንዚኑ ከጅቡቲ መጥተው እዚያ ይገናኙ ነበር ማለት ነው። የሱሉልታ ችግር አቀማመጧ ነው። ከጅቡቲ የተነሳ ቦቴ ከተማዋ ለመድረስ አዲስ አበባን ማቋረጥ ወይም መዞር፣ ከዚያም ዳገቱን መውጣት አለበት። ለአዲስ አበባ የሚሆነው ነዳጅ ደግሞ ያንኑ ዳገት ተመልሶ ይወርዳል። ለጎጃም መስመር ግን ቦታው ተስማሚ ነው።

ዱከም በተቃራኒው ነዳጁ ወደ መዲናዋ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍባት ከተማ ናት። የድሮው አስፋልት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድና ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ ሁሉም በዚሁ ኮሪደር ያልፋሉ። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞንም እዚያው ነው። ለአዲስ አበባ የሚውል አዲስ ታንከር የት ይተከል ቢባል ካርታው ወደዚህ አቅጣጫ ያመለክታል። መሬቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ከዚህ በታች ተጠቅሷል።

ስንት ታንከር ያስፈልጋል?

የአገሪቱ ዓመታዊ ፍጆታ 4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው ብለን ብንነሳ፣ የቀኑ 11 ሺህ ቶን ያህል ይሆናል። አንድ ሊትር በአማካይ 0.8 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል ይህ በቀን 13.7 ሚሊዮን ሊትር ነው። 45 ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ ቢታሰብ በየቀኑ 300 ያህል ቦቴዎች ጅቡቲ ላይ መጫን አለባቸው። አንድ ቦቴ ደርሶ ለመመለስ 6 ቀን ቢፈጅበት፣ ያለማቋረጥ የሚመላለሱ ከ1,800 በላይ ቦቴዎች ያስፈልጋሉ። በማንኛውም ሰዓት 40 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነዳጅ መንገድ ላይ ነው፤ ይህም የሦስት ቀን ፍጆታ ነው። ስለዚህ ከአገሪቱ ትልልቅ ዴፖዎች አንዱ በጎማ ላይ የሚሄድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ደግሞ ዲያሜትሩ 30 ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሜትር የሆነ ታንከር እንውሰድ። ይዘቱ 10,600 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 10.6 ሚሊዮን ሊትር ነው። ከሩቅ ሲታይ እጅግ ግዙፍ ነው፤ ለአገሪቱ ግን አንድ ሙሉ ቀን አይበቃም። የ30 ቀን ፍጆታ 411 ሚሊዮን ሊትር ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ታንከር 90 በመቶው ብቻ ጥቅም ላይ ይውላል ቢባል፣ እንዲህ ያሉ 43 ታንከሮች ያስፈልጋሉ። የዓለም አቀፉ ኢነርጂ ኤጀንሲ አባል አገሮች የ90 ቀን የተጣራ ገቢ ያህል እንዲይዙ ይገደዳሉ። ኢትዮጵያ የኤጀንሲው አባል አይደለችም፤ በዚህ መለኪያ ብትሄድ ግን ከ1.2 ቢሊዮን ሊትር በላይ መያዝ ይኖርባት ነበር።

ታንከሩን ከመሥራት ይልቅ መሙላቱ ይከብዳል። ሊትሩ በ0.7 የአሜሪካ ዶላር ቢታሰብ የ30 ቀኑ ክምችት 288 ሚሊዮን ዶላር ይፈልጋል። ይህ ገንዘብ አንዴ ከገባ በታንከር ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል። የውጭ ምንዛሪ ለሚያጥራት አገር ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፤ ስለ ዴፖ ግንባታ በሚወጡ ዜናዎች ግን እምብዛም አይነሳም። ነዳጅ ለዘላለም የሚቀመጥ እህል አለመሆኑም አለ። በተለይ ቤንዚን በወራት ውስጥ ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ አሮጌው እየተሸጠ በአዲስ መተካት አለበት።

የማስፋፊያ ሥራ

አንድ ዴፖ ሲሰፋ የመጀመሪያው ሥራ የአፈር ጥናት ነው። ከአቃቂ እስከ ቢሾፍቱ ያለው ሜዳ፣ ዱከምን ጨምሮ፣ በጤፉ የታወቀ ጥቁር መረሬ አፈር ያለበት ነው። ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። 10 ሺህ ቶን የሚመዝን ታንከር በቀጥታ ቢቀመጥበት አንዱ ጎን ሊሰምጥ፣ ብረቱም ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ይወጣና በተመረጠ፣ በደንብ በተጠቀጠቀ ሙሌት ይተካል። ታንከሩ ተበይዶ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚሞላው ውኃ ነው። ውኃ ከናፍጣም ከቤንዚንም ስለሚከብድ፣ ውኃውን የቻለ መሠረት ነዳጁን ይችላል። አካባቢው ከስምጥ ሸለቆው ዳር ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥም ይታሰባል፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የታዩት ተደጋጋሚ መንቀጥቀጦች ይህንን አስታውሰዋል።

በታንከሮቹ ዙሪያ ነዳጅ የማያሳልፍ መገደቢያ ግንብ ይሠራል። በተለመደው አሠራር ግንቡ ከውስጡ ካሉት ታንከሮች ትልቁ የሚይዘውን 110 በመቶ መያዝ አለበት። በነባር ግቢ ውስጥ ታንከር መጨመር አስቸጋሪ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ለታንከሩ ቦታ ቢኖር እንኳ ለግንቡና በታንከሮች መካከል መኖር ላለበት ርቀት አይበቃም። ለቤንዚን ደግሞ በነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ጣሪያ ይመረጣል። በከፍተኛ ቦታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቤንዚን በፍጥነት ይተናል፤ እንደ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ይህም ይታሰባል።

አዲስ ታንከር ብቻውን ሰልፍ አያሳጥርም። አንድ ቦቴ ገብቶ፣ ተለክቶ፣ አራግፎ ለመውጣት አንድ ሰዓት ቢፈጅበት፣ ስድስት ማራገፊያ ያለው ዴፖ ሌሊቱን ጭምር ቢሠራ በቀን የሚያስተናግደው 144 ቦቴ፣ ማለትም 6.5 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነው። ታንከሩን በእጥፍ ጨምሮ ማራገፊያውን እንዳለ መተው፣ ሰፊ ጎተራ ሠርቶ ጠባብ በር እንደ መተው ነው።

ልኬቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሺህ 0.8 ያህል ይሰፋል። ጅቡቲ ላይ በ38 ዲግሪ 45 ሺህ ሊትር የተጫነ ቦቴ በ18 ዲግሪ ቢራገፍ፣ አንድ ጠብታ ሳይሰረቅ 720 ሊትር ያህል ጎድሎ ይታያል። በአሽከርካሪና በተረካቢ መካከል ጠብ እንዳይነሳ መጠኑ ወደ አንድ የተስማሙበት ሙቀት ተቀይሮ ይመዘገባል። ዘመናዊ ዴፖዎች የነዳጁን ከፍታና ሙቀት በራዳርና በሴንሰር እየለኩ ወደ ኮምፒውተር ይልካሉ። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማደያ ክፍያ በቴሌብርና በመሰል ዘዴዎች ሆኗል፤ ይህ የሽያጩን መረጃ ይሰጣል። የዴፖው ልኬት ከዚህ ጋር ቢናበብ እጥረትን ከሰልፉ በፊት ማየት ይቻላል።

አደጋ

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 11 ቀን 2005 በእንግሊዝ አገር በባንስፊልድ ዴፖ አንድ የቤንዚን ታንከር ሞልቶ ፈሰሰ። የከፍታ መለኪያው በአንድ ቁጥር ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን ማቆም የነበረበት መቆጣጠሪያም አልሠራም። የተነነው ቤንዚን ፈንድቶ ከ20 በላይ ታንከሮችን አቃጠለ፣ 43 ሰዎችም ቆሰሉ። ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱም ንጋት ባይሆን ኖሮ የሚጎዳው ሰው ብዙ በሆነ ነበር።

ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የጊኒው ነው። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በኮናክሪ መሐል ከተማ ያለው የአገሪቱ ዋና ዴፖ ፈንድቶ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። የቤንዚን ሽያጭ ቆመ፤ ከተማዋም ለቀናት ሥራ ፈታች። ጊኒ የባሕር በር ያላት አገር ብትሆንም ነዳጇ በአንድ ግቢ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አቅምን በአንድ ቦታ መጨመር ርካሽ ነው፤ በዱከም፣ በሱሉልታ፣ በአዋሽና በክልል ከተሞች መከፋፈል ግን አንዱ ሲቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ያደርጋል። በዙሪያው ያሉ ከተሞች በፍጥነት እየሰፉ ስለሆነ፣ ትናንት ከሜዳ ላይ የተተከለ ታንከር ነገ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ሊገኝ ይችላል። በዴፖው ዙሪያ ባዶ መሬት ማስከበር የከተማ ፕላን ሥራ ነው።

ከታንከር ውጭ ያሉ አማራጮች

እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያና ጅቡቲ ከዳመርጆግ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የተጣራ ነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ ለመዘርጋት ከባለሀብቶች ጋር ተስማምተው ነበር። ወጪው 1.55 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ የነበረ ቢሆንም ቧንቧው አልተዘረጋም። የባቡር መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ቢጀምርም ነዳጁ በአብዛኛው አሁንም በቦቴ ይመጣል። ባቡር ነዳጅ እንዲያመላልስ በሁለቱም ጫፍ፣ በወደቡ ተርሚናልና በመሐል አገሩ ዴፖ፣ ሐዲዱ ከመጫኛውና ከማራገፊያው ጋር መገናኘት ይኖርበታል።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል በጎዴ የነዳጅ ማጣሪያ ግንባታ መጀመሩ ይፋ ሆኗል። ማጣሪያው ሲጠናቀቅ የነዳጁ አንድ ክፍል ከወደቡ ሳይሆን ከደቡብ ምሥራቅ ይነሳል፤ ዴፖዎቹ የሚተከሉበትም ቦታ እንደገና መታሰብ ይኖርበታል።