ውሃ፣ ሣርና እሳት በቦረና

በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የቦረናና የአካባቢው የግጦሽ መሬት 95,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጥላል፤ ይኸውም ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የግጦሽ ልማት ባለሙያዎች ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በዚህ አገር የፈጸሙት ሥራ ታሪክ፣ የቦረና ሰው ውሃን በደንብ ሲይዝ ሣርንም እንደሚጠብቅ ዘግይቶ የመረዳት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በበጋ ወራት የከብቱ ዋና መጠጫ ጥልቆቹ ኤላዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል እጅግ የታወቁት ዘጠኙ ቱላዎች ሲሆኑ፣ ዱብሉቅና ዌብ ከእነርሱ ይቈጠራሉ። አንዳንዱ ኤላ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃል። ከብቱ ተቆፍሮ በተዘጋጀ ተዳፋት መንገድ እስከ ገንዳው ድረስ ይወርዳል፤ ከገንዳው በታች ግን ወጣቶች በመሰላል ላይ በየደረጃው ቆመው እየዘፈኑ መቅጃውን ይቀባበላሉ። የጉልበቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ደንቡም የሚያስደንቅ ነው። እያንዳንዱ ኤላ አባት አለው። የመጀመሪያው ቈፋሪ ወገን መብቱን ይይዛል፤ የዕለቱን ተራ የሚያስከብረው ደግሞ አባ ሄረጋ ይባላል። የማን መንጋ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ፣ እንግዳ መንጋ ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ፣ ለጥገናው ማን ጉልበት እንደሚያዋጣ ሁሉ የተወሰነ ነው። በበጋ ከብት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጠጣ ርቆ ለመጋጥ ጊዜ ያገኛል። ኤላውም ቀጂዎቹ ከሚችሉት በላይ መንጋ አያስተናግድም፤ ስለዚህ አባ ሄረጋው ውሃ ሲያከፋፍል ሳይታወቀው፣ ምናልባትም እያወቀ፣ ሣር ያከፋፍላል። ዝናብ ሲጥል ኤላው ይዘጋል፤ መንጋው ዝናብ ውሃ ወደቋጠረበት ሜዳ ይሄዳል፤ በኤላው ዙሪያ ያለው ሣር እስከ በጋ ያርፋል። የሚታለቡት ላሞች ከመንደር ሳይርቁ ሲቀሩ፣ ፎራ የሚባለው ደረቁ መንጋ ወደ ሩቅ ቦታ ይነዳል። ሕጉን የሚመረምረውና የሚያድሰው ጉባኤ፣ ጉሚ ጋዮ፣ በየስምንት ዓመቱ ይሰበሰባል።

በመንግሥት ወረቀት ላይ ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የግጦሽ መሬትን ከመንግሥት ንብረት ጋር ቈጥሮታል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ለዘላኖች በሚግጡበት መሬት የመጠቀም መብት ሲሰጥ፣ መንግሥት ግጦሹን እንዲያሻሽል፣ ጕድጓድ እንዲያስቈፍርና ዘላኖቹን ለእርሻ እንዲያሰፍር ኃላፊነት ጥሎበታል። «ዘላን» የሚለው ቃል ራሱ መድረሻ የሌለው መንከራተትን እንጂ በቀንና በተራ የተለካ ጉዞን አያሳይም፤ «አርብቶ አደር» የሚለው ስያሜ በጽሕፈት ቤቶች የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው የሙከራ ፕሮጀክት በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ በ1957 ዓ.ም. ገደማ በቦረና ተጀመረ። አሳቡ ቀላልና የሚያሳምን ነበር፤ ውሃ ስለሌለው በበጋ የሚተው ሰፊ ሣር አለ፣ በዚያ ኩሬ ቢቈፈር ሣሩ ከብክነት ይድናል የሚል ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓለም ባንክ ብድር የተከፈተው ሦስተኛው የእንስሳት ሀብት ልማት ፕሮጀክት ለቦረና፣ ለጅግጅጋና ለሰሜን ምሥራቁ ቆላ የየራሳቸውን የልማት ክፍል ሲያቋቁም፣ በቦረና መንገድ ከመጥረጉና የከብት ሕክምና ከማስፋፋቱ ጋር ይህንኑ የኩሬ ሥራ ገፋበት። ክትባቱ የብዙ ከብት ሕይወት አትርፏልና ሥራውን ሁሉ በጅምላ መንቀፍ ተገቢ አይሆንም። የኩሬው ነገር ግን ሌላ ሆነ። ባክኖ የቀረ የመሰለው ሣር ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሣር ነበር። በቀድሞው ልማድ በእጅ የተቈፈረ ኩሬም ቢሆን ባለቤት ሲኖረው፣ በማሽን የተቈፈረው የመንግሥት ኩሬ አባት አልነበረውም፤ ተራውን የሚያስከብር፣ እንግዳውን «ቆይ» የሚል ሰው አልተሾመለትም። ቀድሞ የዝናብ ወቅት ግጦሽ የነበረው ዲዳ ሃራ ኩሬ ከተቈፈረለት በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት መንደር ሆነ። ሣሩም ዕረፍቱን አጣ።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ሜዳ ማቃጠል ተከለከለ። ደን በሚመናመንበት አገር እሳትን ጠላት አድርጎ ማየት ለባለሥልጣን የሚከብድ አሳብ አልነበረም። ቦረና ግን በበጋው መጨረሻ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ደረቁን ሣር የሚያቃጥለው በዕውቀት ነበር፤ እሳቱ የግራርን ችግኝ ይገድላል፣ መዥገርን ይቀንሳል፣ ለአዲሱ ሣርም ቦታ ይለቃል። እሳቱ ሲቀር ቍጥቋጦው ወረሰ። በጥቁሩ ኮትቻ አፈር ላይ እሾኻማው ፉሌንሳ፣ በሌላውም ቦታ ሃመሬሳ የሚባለው ግራር እየተጠጋጋ ሲበቅል፣ ላም የማትገባበት ጥሻ ተፈጠረ። ግመልና ፍየል የሚጠቀሙበት ቢሆንም፣ ቦረና ኑሮውን የመሠረተው በከብት ላይ ነው።

በ1966 ዓ.ም. መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል በ1970ዎቹ በቦረና ያካሄደው ጥናት ብዙ ባለሙያዎችን ያስደነገጠ ነው። የቦረና አረባብ ከአንድ ሄክታር የሚያስገኘው ምግብ ተመሳሳይ ዝናብ ካላቸው የኬንያ ዘመናዊ የከብት ርባታ ድርጅቶች የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ለመሻሻያ አርአያ ተደርጎ ይታይ የነበረው የታጠረ ርባታ ከሚሻሻለው ያነሰ ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ ለመንግሥት የርባታ ጣቢያዎች ከጋራው ግጦሽ መሬት መከለሉ አልቀረም።

ችግሩ በድርቅ ጊዜ ገሃድ ወጣ። የቦረናን ቤተሰቦች መንጋ ለ17 ዓመታት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ1975 እስከ 1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ከከብቱ 37 በመቶ፣ ከ1983 እስከ 1985 በደረሰው ደግሞ 42 በመቶ አልቋል። የሕዝቡ መብዛት፣ የእርሻው መስፋፋትና የግጦሹ መጥበብ የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ጥፋቱን ሁሉ በኩሬው ማላከክ ስሕተት ይሆናል። ሆኖም በክፉ ቀን መንጋው የሚሸሽበት ያረፈ ሣር ቀድሞ አልቆ ነበር።

የተቃራኒው ሥራ የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. ነው። በአሥርቱ ሁለተኛ አጋማሽ የምርምር ሰዎችና የቦረና ሽማግሌዎች አብረው ሜዳ ማቃጠልን በሙከራ መለሱ። እዚህ ላይ ከፈቃድ ይልቅ የሚከብድ ነገር ገጠማቸው፤ እሳት ማገዶ ይፈልጋል፣ ማገዶውም ሣር ነው። ከብት በማያቋርጥ ሁኔታ የሚግጠው መሬት ነበልባል ሊይዝ ስለማይችል፣ ቦታው አስቀድሞ ለአንድ ወቅት ከመንጋ ነጻ መደረግ አለበት። ከተቃጠለም በኋላ ሣሩ እስኪያገግም እንደገና ይዘጋል። ይህን ማስፈጸም የሚችል የግብርና ጽሕፈት ቤት የለም፤ የሚችለው ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ መንጋውን ሲያርቅ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ክብሪት ከመያዙ በፊት በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለረጅም ቀን መነጋገር ግድ ሆነበት።

የመሬቱ መብት ጉዳይ ግን እስካሁን የጠራ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንኡስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ እስከ 2016 ዓ.ም. ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቍጥር 456/1997 ደግሞ መንግሥት የጋራ ይዞታን ወደ ግል ይዞታ ሊያዛውር እንደሚችል ይናገር ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ለጋራው መሬት የይዞታ ካርታ ማዘጋጀት ሲጀመር፣ ዋናው ክርክር ወሰኑ በቀበሌ ይሁን በዴዳ የሚል ነበር። ዴዳ ብዙ ቀበሌዎችን የሚያቅፍ የግጦሽ ክልል ሲሆን፣ በቦረና ድሬ፣ ማልቤ፣ ጎልቦ፣ ጎሞሌና ዋያማ የሚባሉት አምስቱ ይታወቃሉ። ሽማግሌዎቹ ዴዳን መረጡ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉና የቦረና መንጋ በብዛት ሲያልቅ፣ በሕይወት የቀረው ከብት ሣር ፍለጋ የተነዳው የብዙ ቀበሌዎችን ወሰን እየተሻገረ ነው።